ብልጭታ ዕድሜ አይሆንም

ብርዱ ጋብ ብሎ የፋሲካ ሰሞን ሲቃረብ፣ በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ጓሮ ያለው አበሻ ሁሉ የሚጠይቀው ጥያቄ አለ፤ "የሚቆየው ግሪል የትኛው ነው?" መልሱ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ ያው ነው። ትልቁን ግዛ፣ እስቴንለስ የሆነውን ግዛ፣ በርነሩ የበዛውን ግዛ፤ ዋጋው ወደድ ካለማ ጥርጥር የለውም ይባላል። ይህን ምክር ሰምቶ የገዛው ሰው ከሦስት ወይም ከአራት ዓመት በኋላ ያንኑ ግሪል እየጎተተ የቆሻሻ መኪና ከሚያልፍበት መንገድ ዳር ያቆመዋል። ያኔ ሁለተኛው አባባል ይከተላል፤ "የዘንድሮ ዕቃ እንዲህ ነው፤ በየሦስት ዓመቱ እየቀየሩ መኖር ነው።"

ሁለቱ አባባሎች የሚጻረሩ ይመስላሉ እንጂ የተወለዱት ከአንድ ስህተት ነው። የመጀመሪያው ዕድሜን በዋጋና በብልጭታ መግዛት ይቻላል ይላል። ሁለተኛው ያ ተሞክሮ ስላልተሳካ ዕድሜ የሚባል ነገር ጨርሶ የለም ብሎ ይደመድማል። እኔ በሁለቱም አልስማማም። ዕድሜው ረጅም የሆነ ግሪል አለ፤ ከመካከለኛ ገቢ አቅም በላይም አይደለም። የሚታወቀው ግን ገዢው ከማይመለከተው ቦታ ነው፤ እሳት የሚነካው ብረት ምንድን ነው? የሚበላሹት ክፍሎች ስንት ናቸው? ሲበላሹስ ለየብቻቸው ይሸጣሉ ወይ? ከእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ውጭ ያለው ሁሉ ጌጥ ነው።

ነገሩ ተራ የዕቃ ጉዳይ ሊመስል ይችላል። ግን ገንዘቡ የማን እንደሆነ እናስብ። በሌሊት ታክሲ የሚነዳ፣ በሆስፒታል ድርብ ፈረቃ የሚሠራ፣ በአየር ማረፊያ ሻንጣ የሚያነሳ ሰው ገንዘብ ነው። ግሪሉም ለዚህ ሰው መጫወቻ አይደለም። የፋሲካ ጾም የሚፈታበት፣ ልጅ የተመረቀ ዕለት ዘመድ የሚሰበሰብበት፣ በጁላይ 4 ሰሞን ለኢትዮጵያውያኑ የእግር ኳስ በዓል ከሌላ ከተማ የመጣ እንግዳ የሚስተናገድበት ምድጃ ነው። እንዲህ ያለውን ዕቃ በተሳሳተ ምክር ማስገዛት ቀላል በደል አይደለም።

ከብልጭታው እንጀምር። ሃሪ ብሪርሊ የተባለው የሼፊልድ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1913 ክሮሚየም የበዛበትን ብረት ካቀለጠ ወዲህ፣ እስቴንለስ ስቲል ሰፊ ቤተሰብ ሆኗል። ብረቱ በዚህ ስም ለመጠራት ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም ሊኖረው ይገባል። ክሮሚየሙ ከአየር ጋር ተዋህዶ በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ይሠራል፤ ሽፋኑ ቢቧጠጥም ራሱን ይጠግናል። ከዚያ ወዲያ ግን የቤተሰቡ አባላት እጅግ ይለያያሉ። 304 የሚባለው 18 በመቶ ገደማ ክሮሚየምና 8 በመቶ ገደማ ኒኬል አለው፤ ለግሪል የሚመከረው እሱ ነው። 430 የሚባለው ክሮሚየሙ ከዚያ ብዙ አይርቅም፣ ኒኬል ግን የለውም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ይረክሳል፣ ቶሎም ይዝጋል። 201 የሚባለው ደግሞ ውዱ ኒኬል ተቀንሶ በማንጋኒዝ የተተካበት ነው። ሦስቱም በመደብር መብራት ሥር አንድ ዓይነት ያበራሉ። ሳጥናቸው ላይም "እስቴንለስ ስቲል" ተብሎ ሊጻፍ ይችላል፤ ውሸትም አይሆንም።

ማግኔት ይዞ መሄድ የተወሰነ ያግዛል። 430 ማግኔትን አጥብቆ ይይዛል፤ 304 አይዝም፣ ወይም በታጠፈበት ቦታ ብቻ ጥቂት ይስባል። ነገር ግን 201 ማግኔት ስለማይዝ ከ304 ጋር ሊምታታ ይችላል። ስለዚህ በማግኔት ብቻ መተማመን አይበቃም፤ የብረቱ ቁጥር በመመሪያው ወይም በዋስትና ወረቀቱ ላይ መጻፍ አለበት። በብረቱ የሚኮራ አምራች ቁጥሩን አይደብቅም። ቁጥሩ ካልተጻፈ ርካሹ ነው ብላችሁ ብትገምቱ ብዙም አትሳሳቱም።

ከዚህ የሚከፋው ግን ብልጭታው ያለበት ቦታ ነው። መደብር ውስጥ የሚያብረቀርቀው ክዳኑ፣ የጎንና የጎን ጠረጴዛው፣ የታችኛው ካቢኔ በሩ ነው። ከእነዚህ ክዳኑ ሙቀት ብቻ ነው የሚያገኘው፤ ጠረጴዛውና በሩማ እሳት ጨርሶ አይነካቸውም። እሳቱና ስቡ የሚጫወቱበት የውስጥ ሳጥን ብዙ ጊዜ ስስ ላሜራ ሆኖ ቀለም የተቀባ ነው። ላዩን አይቶ ለሚገዛ ውስጡን ለቄስ ማለት እንዲህ ነው። ገንዘቡ የወጣው ለማይቃጠለው ክፍል፣ ቁጠባው የተደረገው ለሚቃጠለው ክፍል ነው።

እውነተኛው 304ም ቢሆን የማይደፈር አይደለም። ዋና ጠላቱ ጨው ነው። በጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ያንን ስስ ሽፋን በነጠብጣብ ይበሳዋል፤ ከፍተኛ ሙቀትም ብረቱን እያጠቆረ መከላከያውን ያዳክመዋል። የእኛ ሥጋ ደግሞ ጨው የበዛበት ነው። በአዋዜ ተለውሶ ያደረ ጎድን ፍርግርጉ ላይ ሲንጠባጠብ የሚወርደው ስብ ብቻ አይደለም፤ ጨውም አብሮ ይወርዳል። ስቡ ጨውን ይዞ ይጋገራል፣ ጤዛና ዝናብ ያርሱታል፣ ዝገቱም ከዚያ ይጀምራል። እንዲህ ለሚጠበስበት ቤት ውፍረት ከብልጭታ ይቀድማል። ውፍረት ያለው ብረት ቢዝግ እንኳ ለመበሳት ዓመታት ይፈልጋል፤ ስስ ላሜራ ግን ዝገቱ በታየ በማግስቱ ተበስቷል ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ማታለያ የበርነር ቁጥርና ቢቲዩ ነው። ቢቲዩ አንድ ፓውንድ ውሃን በአንድ ዲግሪ ፋራናይት ለማሞቅ የሚያስፈልግ የሙቀት መጠን ነው። ሳጥኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር ግሪሉ በሰዓት የሚያቃጥለውን ጋዝ ይናገራል እንጂ ሥጋው የሚያገኘውን ሙቀት አይናገርም። ቁጥሩ ትርጉም የሚኖረው ለመጥበሻው ስፋት ሲካፈል ነው። ለምሳሌ ባለስድስት በርነሩ 60,000 ቢቲዩ ቢሆንና መጥበሻው 900 ካሬ ኢንች ቢሰፋ፣ ለአንዱ ካሬ ኢንች የሚደርሰው 67 ገደማ ነው። ባለሦስት በርነሩ 36,000 ሆኖ መጥበሻው 400 ካሬ ኢንች ከሆነ 90 ይደርሰዋል። ትንሹ ይበልጥ ያቃጥላል፤ ጋዙንም ይቆጥባል። ክዳኑ የሚገጥምና ሙቀት የሚይዝ ከሆነ ደግሞ ልዩነቱ የበለጠ ይሰፋል። ከሁሉ በላይ ግን እያንዳንዱ ተጨማሪ በርነር የራሱን መክፈቻ፣ የራሱን ቫልቭ፣ የራሱን ማቀጣጠያ ይዞ ይመጣል። በርነር በጨመረ ቁጥር የሚበላሸው ነገርም ይጨምራል።

የተጣለ ግሪል ምን እንደገደለው መመርመር ለገዢ ትልቅ ትምህርት ነው። ክዳኑ አልተበሳም፤ ጠረጴዛውም ደህና ነው። የሞቱት በርነሮቹ፣ ከበርነሮቹ በላይ ሆነው የሚንጠባጠበውን ስብ የሚቀበሉት የብረት ጣሪያዎች፣ የሳጥኑ ወለልና ሳጥኑን ከጋሪው ጋር ያያዙት ብሎኖች ናቸው። በርነር ከውስጥም ከውጭም ይበላል። ከላይ ጨዋማ ስብ ይወርድበታል፤ ከስር እርጥበት ያገኘዋል፤ በየጊዜው እየጋለና እየቀዘቀዘ ይሰነጠቃል። ቀዳዳዎቹ እየሰፉ ሲሄዱ እሳቱ ወደ አንድ ጎን ያጋድላል፣ ሥጋው በአንድ በኩል ይነዳል፣ በሌላ በኩል ጥሬ ይቀራል። ጋዙ የሚገባበትን ቱቦ ሸረሪት ድር ቢያደራበት ደግሞ እሳቱ ወደ ኋላ ተመልሶ በመክፈቻዎቹ በኩል ሊወጣ ይችላል። ያረጀ በርነር የምግብ ጣዕም ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ የቤተሰብ ደህንነትም ጉዳይ ነው።

እንግዲህ ዋናው ጥያቄ ይኸው ነው። ያ በርነር በ40 ወይም በ50 ዶላር ተገዝቶ፣ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በብሎን መፍቻ ይቀየራል ወይ? ከተቀየረ ግሪሉ አልሞተም። መለዋወጫው ካልተገኘ ግን ክዳኑ ወርቅ ቢሆን ዋጋ የለውም። ርካሽ ሆነው የሚያብረቀርቁት ግሪሎች ትልቁ ችግራቸው እዚህ ላይ ነው። በአንድ የሽያጭ ወቅት በአንድ ስም ይመጣሉ፤ በሚቀጥለው ዓመት ሞዴሉ ይጠፋል፣ የበርነሩ ርዝመትም ይቀየራል። ገዢው ተመሳሳይ የሚመስል በርነር አዝዞ ሲመጣለት በሁለት ሴንቲ ሜትር አልገጥም ይለዋል።

አሁን ከእነዚህ ሁሉ የተሻለ ነገር ከ70 ዓመት በፊት ተሠርቶ እንደነበር ላስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1952 በቺካጎ አካባቢ ዌበር ብራዘርስ በተባለ የብረታ ብረት ፋብሪካ የሚሠራ ጆርጅ ስቲቨን የተባለ ሰው፣ ፋብሪካው ለውሃ ላይ ምልክት የሚያመርተውን ድቡልቡል የብረት ተንሳፋፊ ለሁለት ከፍሎ የከሰል ግሪል ሠራበት። ታችኛው ግማሽ ከሰል መያዣ፣ ላይኛው ክዳን ሆነ፤ ሦስት እግር ተበየደለት፣ አየር ማስገቢያ ተበሳለት። ቅርጹ እስከ ዛሬ ብዙም አልተለወጠም፤ በብዙ አምራቾችም ይሠራል።

ይህ ቅርጽ የቆየው ልማድ ሆኖ ብቻ አይደለም። ድቡልቡል ነገር ውሃና ስብ የሚያቁርበት ማዕዘን የለውም። ሥራው አየር ማስገባትና ማገድ ስለሆነ ቫልቭ፣ ሬጉሌተርና ማቀጣጠያ አያስፈልገውም። ጥሩ የሆነው በኢናሜል የተለበጠ ነው፤ ኢናሜል ማለት የመስታወት ዱቄት ወደ 800 ዲግሪ ሴልሽየስ በሚደርስ ሙቀት ከብረቱ ጋር ተዋህዶ የሚሠራ ሽፋን ነው። በየቤታችን የምናውቀው የእናቶቻችን አበባ ያለበት ትሪና ሳህን የተለበጠው በዚሁ ነው። ያ ትሪ ስንት ዓመት እንዳገለገለ፣ የዛገውም ወድቆ በተፈነቀለበት ቦታ ብቻ እንደነበር እናስታውሳለን። የግሪሉም ነገር እንደዚያ ነው። ቀለም የተቀባ ላሜራ በእሳት ይላጣል፤ ኢናሜል ግን ካልተመታ እሳትን አይፈራም። በዚህ ግሪል ላይ የሚበላሹት የታችኛው የከሰል ፍርግርግ፣ የላይኛው የሥጋ ፍርግርግና የአመድ ማውጫው ናቸው። ሁሉም በትንሽ ገንዘብ የሚገዙ ናቸው።

ሌላው ለረጅም ዕድሜ የተመሰከረለት ቁስ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ወፍራም አሉሚኒየም ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ቴክሳስ ውስጥ ሒልተን ሜይግስ የተባለ ሰው በዚህ መንገድ የሠራው የከሰል ግሪል ዝርያ እስከ ዛሬ ይመረታል። አሉሚኒየም እንደ ብረት አይዝግም። የሚቀልጠው በ660 ዲግሪ ሴልሽየስ ቢሆንም ሙቀቱን በቶሎ ስለሚያሰራጭ በአግባቡ ከተያዘ ለግሪል ሳጥን ይበቃል። ድክመቱ እርጥብ አመድ ነው፤ አመድ ከውሃ ጋር ሲገናኝ የሚፈጥረው አልካሊ አሉሚኒየምን ይቦረቡራል። ስለዚህ አመዱን ማፍሰስ ግዴታ ነው። ጋዝ ለሚፈልግ ሰውም የእኔ ምክር ከዚህ ይነሳል፤ ሳጥኑ ወፍራም አሉሚኒየም ወይም በኢናሜል የተለበጠ ብረት፣ በርነሩ ወፍራም 304፣ ቁጥሩ ሁለት ወይም ሦስት፣ መለዋወጫው ደግሞ በሞዴል ቁጥር የሚታዘዝ ይሁን። ጠረጴዛው ፕላስቲክ ቢሆን፣ በሩ ባይኖረው ምንም አይጎድላችሁም።

አንድ ጠንካራ መከራከሪያ አለ፤ እሱን ሳልመልስ ማለፍ ትክክል አይሆንም። "እኛ እንግዳ እንወዳለን፤ ሠላሳ ሰው ሲመጣ በትንሽ ግሪል እንዴት ይሆናል?" ይባላል። እውነት ነው፤ እንግዳን በጥበብ ማስተናገድ ባህላችን ነው። ግን ለዓመት ሦስት ቀን ተብሎ ዓመቱን ሙሉ ዝናብ ላይ የሚቆም ግዙፍ ግሪል መግዛት ለእንግዳውም አይጠቅምም። ስፋቱ 57 ሴንቲ ሜትር የሆነው ድቡልቡል ግሪል ወደ 2,300 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ መጥበሻ አለው፤ ሥጋው በዙር በዙር ሲወጣ ሁሉም ሰው ትኩሱን ይበላል። የእኛ ጥብስ ደግሞ ከእሳት እንደወረደ ካልተበላ ምኑ ነው ጥብስ?

እንዲያውም ለእኛ ቤት ከአንድ ትልቅ ግሪል ሁለት ትንንሽ ግሪሎች ይሻላሉ። ጾመኛ ዘመድ ቃሪያውና በቆሎው ሥጋ በተጠበሰበት ፍርግርግ ላይ እንዲጠበስለት አይፈልግም። የክርስቲያን ቤት የሙስሊም ጎረቤት ሲጠራ፣ ወይም የሙስሊም ቤት ክርስቲያን ሲጋብዝ፣ የሥጋው ጉዳይ በአገራችን እንዴት እንደሚከበር ሁሉም ያውቃል። አንድ ባለስድስት በርነር ግሪል ምንም ያህል ቢሰፋ ፍርግርጉ፣ ጭሱና የስብ መቀበያው አንድ ነው። ሁለት ግሪል ሲኖር ግን ለጾም አንድ፣ ለፍስክ አንድ፣ ወይም ለእንግዳው ለብቻው አንድ መለየት ይቻላል። ይህን የመሰለ አክብሮት በብዙ በርነር አይገኝም። አንዱ ቢበላሽ ደግሞ በዓሉ አይደናቀፍም።

ሁለተኛው መከራከሪያ የሒሳብ ነው። "ርካሹን ገዝቼ በየሦስት ዓመቱ ብቀይር ይቀለኛል" ይባላል። እናስላው። እንበልና ርካሹ 250 ዶላር ነው። በ15 ዓመት ውስጥ አምስት ጊዜ ይገዛል፤ 1,250 ዶላር። ሌላው 550 ዶላር ያወጣል፣ በ15 ዓመት ውስጥ የ250 ዶላር መለዋወጫ ይገዛለታል፤ ድምሩ 800 ዶላር። ከሰል የሚበቃው ሰውማ ከዚህም በታች ያወጣል። በየሦስት ዓመቱ የሚጠፋውን የመገጣጠሚያ ቀን፣ የማጓጓዣውን መኪና፣ በመጨረሻው ዓመት በተበሳ በርነር የሚባክነውን ጋዝ ሳንቆጥር ነው ይኼ። እንዲህ ያለው ቁጠባ ታጥቦ ጭቃ ነው።

"ውዶቹ ግን እውነትም ይቆያሉ" የሚሉም አሉ። ልክ ናቸው። ከወፍራም 304 ተሠርቶ በደንብ የተበየደ፣ ዋጋው በሺዎች የሚቆጠር ግሪል በእርግጥ ይቆያል። የቆየው ግን በውፍረቱ፣ በብየዳውና በመለዋወጫው ነው፤ በብልጭታው አይደለም። ያንኑ ጠባይ ለተራ ቤት በሚበቃ መጠን በጥቂት መቶ ዶላር ማግኘት ከተቻለ ለምን ሺዎች ይወጣሉ? የሴራሚክ ግሪል የሚያወድሱም አሉ። አይዝግም፣ ሙቀት ይይዛል። ከወደቀ ግን ይሰነጠቃል፤ ክብደቱም ከባድ ነው። የራሱ ቤት ላለውና ለማያንቀሳቅሰው ሰው ጥሩ ነው፤ ኪራይ ቤት ከኪራይ ቤት ለሚቀይር ቤተሰብ ግን አልመክረውም።

የመቆየት ሌላው ግማሽ በገዢው እጅ ነው። እዚህ ላይ ከእኛ የዓመት አቆጣጠር ጋር የተያያዘ፣ የትኛውም አምራች በመመሪያው የማይጽፈው ነገር አለ። ቅበላ ሰሞን ግሪሉ ያለ እረፍት ይሠራል። ከዚያ ሁዳዴ ይገባና 55 ቀን ይቆማል። ብዙ ቤት ግሪሉ የቅበላውን ስብና ጨው እንደያዘ ሽፋን ለብሶ የመጋቢትን ዝናብ ያሳልፋል። በነሐሴም ፍልሰታ ሲገባ፣ በዚያ በዲሲ ወበቅ፣ ያው ይደገማል። በእነዚህ ሳምንታት የሚሠራው ዝገት ዓመቱን ሙሉ ሲጠበስ ከሚደርሰው ጉዳት ይብሳል፤ ግሪል ከእሳት ይልቅ ቆሽሾ መቆም ይገድለዋል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። በመጨረሻው የፍስክ ምሽት ሥጋው ሲወርድ ክዳኑን ገጥሞ ግሪሉን በሙሉ ኃይሉ ለሩብ ሰዓት ማቃጠል፣ ፍርግርጉን መፈግፈግ፣ የስብ መቀበያውን ባዶ ማድረግ። ከሰል ከሆነ ግን አመዱ ጨርሶ እስኪበርድ አንድ ቀን ጠብቆ ማፍሰስ ያስፈልጋል። የብረት ፍርግርግ ከሆነ ዘይት ማስነካት። ሽፋኑን ማልበስ ግሪሉ ከቀዘቀዘና ከደረቀ በኋላ ብቻ ነው፤ ሞቆ ሳለ የለበሰ ሽፋን እንፋሎቱን አፍኖ ያዝገዋል። ለመፈግፈግ የሽቦ ብሩሽ ባትጠቀሙ ይመረጣል። የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ዘገባ፣ በሮድ አይላንድ ፕሮቪደንስ ከተማ ከብሩሹ ተነቅሎ ምግብ ላይ የቀረ ሽቦ ውጠው የታከሙ ስድስት ሰዎችን መዝግቧል። ጋዝ ያለው ሰው ከጾም መልስ ግሪሉን ከማቀጣጠሉ በፊት የቱቦውን መጋጠሚያ በሳሙና አረፋ ይፈትሽ፤ አረፋው ከተነፋ ጋዝ ይፈስሳል ማለት ነው።

አዲስ አበባ ላይ ያለው አንባቢ ይህ ሁሉ የውጭ አገር ጉዳይ እንዳይመስለው። እዚያም ግሪል ብየዳ ቤት ሲታዘዝ ያው ስህተት ሌላ መልክ ይዞ ይመጣል። ነጭና የሚያበራ እንዲሆን ዚንክ የተነከረ ላሜራ ይመረጣል፤ ለፍርግርግ ደግሞ የአሮጌ ማቀዝቀዣ መደርደሪያ ይገጠማል። ዚንክ በ419 ዲግሪ ሴልሽየስ ይቀልጣል፤ በደንብ የተቀጣጠለ ከሰል ደግሞ ከ700 ያልፋል። የዚንኩ ጭስ ለሳንባ ጎጂ ነው፤ የማቀዝቀዣ መደርደሪያም በምን ብረት እንደተለበጠ አይታወቅም። እንዲህ ያለው ብልጭታ ዕድሜም ጤናም አይሰጥም። ጥቁር፣ ያልተነከረ፣ ሦስት ወይም አራት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ላሜራ፣ ለፍርግርግም ያልተለበጠ ጠንካራ ብረት ማዘዝ ይሻላል። መልኩ ባያምርም ልጆቻችሁ ይጠብሱበታል። በመርካቶ ምናለሽ ተራ በርሜልና ቁርጥራጭ ብረት ተቀጥቅጦ ምድጃ የሚሆነው የብረትን ጥቅም በመልኩ በማይለኩ ባለሙያዎች እጅ ነው። ይህን ዕውቀት ባሕር ተሻግረን ስንመጣ መተው አልነበረብንም።

ስለዚህ መደብር ስትገቡ የምታደርጉት ይህ ይሁን። ክዳኑን አንሱና ውስጡን ተመልከቱ፤ ጎንበስ ብላችሁ ከስሩ እዩ። ጋሪውን ይዛችሁ ነቅንቁት፤ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ እለፉት። ፍርግርጉን በእጃችሁ መዝኑ። የዋስትና ወረቀቱን አስወጥታችሁ የበርነሩን፣ የሳጥኑንና የፍርግርጉን ዓመት ለየብቻ አንብቡ፤ "የዕድሜ ልክ" የሚል ቃል ካያችሁ ዝገትን ያካትት እንደሆነ ጠይቁ። በመጨረሻም ለሻጩ አንድ ጥያቄ አቅርቡ፤ "የዚህ ግሪል በርነር፣ ወይም የከሰል ፍርግርጉ፣ ለብቻው የሚሸጠው በየትኛው ቁጥር ነው? አሁን አሳዩኝ።" ቁጥሩን ካሳያችሁ ስለ ዋጋው ተነጋገሩ። ካላሳያችሁ ግን የቅናሹ ብዛት አያታልላችሁ፤ መለዋወጫው የማይገኝ ግሪል በግማሽ ዋጋም ቢሆን አትግዙ።